ልጄ ናቹራል ትግባ ወይስ ሶሻል? ቅጹ እየጠበቀን ነው

የሐዋሳዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ጨረሰች። ከትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል መምረጫ ቅጽ ይዛ መጥታለች። ግማሽ ገጽ ናት። ሁለት ሳጥን አላት፤ አንዱ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ አንዱ የማኅበራዊ ሳይንስ። ከሥር የተማሪ ፊርማ፣ የወላጅ ፊርማ። ይቺ ግማሽ ገጽ ቤታችንን አመሰችው።

አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የጂቡቲ መስመር። የምንጨቃጨቀው በስልክ ነው። ኔትወርኩ ይቆራረጥና ከንግግሩ ሁሉ ለእኔ የሚደርሰኝ «ናቹራል» የምትለዋ ብቻ ናት። ለእሱ ሶሻል የገባ ልጅ ያበቃለት ልጅ ነው። ዶክተር እንድትሆንለት ነው የሚፈልገው። ባዮሎጂዋ ጥሩ ስለሆነ እርግጠኛ ሆኗል። ደም ስታይ ፊቷን እንደምታዞር ግን አያውቅም። ዶሮ ሲታረድ ከግቢ የምትወጣ ልጅ ናት።

ካርዷን ልንገራችሁ። እንግሊዝኛ 88፣ ሒሳብ 71፣ ባዮሎጂ 84፣ ኬሚስትሪ 69፣ ፊዚክስ 58። በሌላው በኩል ጂኦግራፊ 91፣ ታሪክ 86፣ ኢኮኖሚክስ 87። ይህን የሚያይ ሰው ሶሻል ይላል አይደል? እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት። ሆምሩም መምህሯ ግን «እንዲህ ዓይነት ተማሪ ሶሻል ገብታ አትባክን» አሉኝ። መባከን ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ሶሻል ክፍል ውስጥ ያሉት የሰው ልጆች አይደሉም እንዴ?

እኔ የልጆች ልብስ ሱቅ አለኝ። በድሮው ሥርዓት 10ኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ ስላልመጣልኝ እዚህ ምርጫ ላይ አልደረስኩም። ስለዚህ ከሚያውቅ ሰው መስማት እፈልጋለሁ። እውነት ሶሻል ቀላል ነው? ፊዚክስ 58 ያላት ልጅ ናቹራል ብትገባ ትወድቃለች? ደግሞስ መስከረም ላይ ገብታ ካልሆነላት መቀየር ይቻላል?

እሷን ስጠይቃት «አንቺ የመረጥሽውን» ትለኛለች። ይሄ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል።

ቢኒ ሲቪል

ማዘር፣ ናቹራል። አራት ነጥብ።

ምክንያቱን ልንገርዎት። ከናቹራል ምህንድስና አለ፣ ጤና አለ፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ አለ፣ ግብርና አለ። ከሶሻል ተነስቶ ሜዲስን ወይም ኢንጂነሪንግ የሚገባበት መንገድ የለም። በ16 ዓመቷ በር ለምን ትዘጋለች? ፊዚክስ 58 የሚያስፈራ ነገር አይደለም። እኔ ከዚያ ባነሰ ነው የገባሁት፤ ዛሬ ሲቪል ኢንጂነር ነኝ። ሥራ አለህ ወይ ብለው ከጠየቁኝ አዎ አለኝ፣ ግን ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቼ እንዳገኘሁት አይጠይቁኝ።

ሶሻል የገቡት ጓደኞቼ ክፍል ውስጥ ሲተርቱ፣ እኛ ቬክተር ስንስል ነበር። ይሄው ነው ልዩነቱ።

ኦዲተሯ

ቢኒ፣ ስንተርት አልነበረም። የኢኮኖሚክስ ከርቭ ስንስል ነበር።

እህቴ፣ እኔ ሶሻል ነኝ። አካውንቲንግ ተምሬ አሁን ባንክ ውስጥ ኦዲት ነው የምሠራው። 11ኛ ክፍል ስገባ የሰፈር ሰው ሁሉ ለእናቴ «ምን ሆና ነው?» እያለ ይጠይቃት ነበር፤ የታመመ ሰው ያለበት ቤት እስኪመስል። ደረጃዬ ከክፍል ሦስተኛ ነበር። ወድጄ መግባቴን የሚያምን ሰው አልነበረም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርሽ። ከሒሳብ ለመሸሽ ሶሻል የሚገባ ልጅ ራሱን ነው የሚያታልለው። ሒሳብ እስከ 12ኛ ይከተለዋል፣ ዩኒቨርሲቲም ፍሬሽማን (የመጀመሪያው ዓመት) ላይ ይጠብቀዋል። አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ማኔጅመንት ከመረጠ ደግሞ ስታትስቲክስ የሚባል ነገር አለ። የእኔ ክፍል ውስጥ ሶሻልን «ለማረፍ» ብለው የገቡት ልጆች ገና 11ኛ ክፍል ማትሪክስ ላይ ሲደርሱ ነበር ፊታቸው የገረጣው።

ልጅሽ ሒሳብ 71፣ ኢኮኖሚክስ 87 ካላት ግን ሶሻል ገብታ ከላይ ከሚቀመጡት ትሆናለች። ሕግም አለ። አምስት ዓመት ነው። መከራከር ትወዳለች?

«አንቺ የመረጥሽውን» የምትለው ከእናንተ ጭቅጭቅ መሐል መግባት ስላልፈለገች ይመስለኛል። አባትና እናት በስልክ ሲጯጯሁ የሚሰማ ልጅ ምን ይላል?

ከአርባ ምንጭ፣ የጂኦግራፊ መምህር

ጤና ይስጥልኝ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ለረጅም ዓመት ሶሻል ክፍል ውስጥ ስለቆምኩ ከሶሻል ወገን ነኝ ብለው ይጠብቁ ይሆናል። ነኝም። ግን እንደሚያስቡት አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ቀላልና ከባድ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አሁን ከ600 ነው የሚታሰበው። ስድስት ትምህርት፣ እያንዳንዱ ከ100። ናቹራል የሚፈተነው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ (የማገናዘብ ችሎታ ፈተና)፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ነው። ሶሻል የሚፈተነው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ ነው። እስቲ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ሦስቱ በሁለቱም በኩል አሉ። የሒሳቡ ወረቀት ይለያያል እንጂ ሒሳብ ከሁለቱም አይቀርም። ማለትም ከ600ው ነጥብ 300ው የትም ብትገባ አብሯት ይሄዳል። ማለፊያው ደግሞ 50 በመቶ፣ 300 ነው። ሰው ቅጹ ላይ ስለሚለያዩት ሦስቱ ትምህርቶች ሲጨቃጨቅ ይከርማል፤ ግማሹን ነጥብ ስለያዙት ሦስቱ የሚጠይቅ ወላጅ እምብዛም አላጋጠመኝም። የልጅዎ እንግሊዝኛ 88 መሆኑ ከፊዚክሷ 58 በላይ የሚናገር ቁጥር ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ እንደሚመጣ አይርሱ። ታሪክ የሚወድ፣ ጥያቄውን ግን አንብቦ የማይረዳ ስንት ልጅ አስተምሬያለሁ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የ2014 ፈተና ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑበት ነው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ ሀገሩ ሁሉ ደነገጠ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ውስጡ ነው። ከናቹራል 339,642 ተፈትነው 22,936 አለፉ። ከሶሻል 556,878 ተፈትነው 6,973 አለፉ። በመቶኛ ሲሰላ ናቹራል 6.8፣ ሶሻል 1.3 ማለት ነው። «ሶሻል ይቀላል» ለሚል ሰው ይህን አሳየዋለሁ።

ግን ቁጥሩን ገልብጠው «እንግዲያው ሶሻል ይከብዳል» እንዳይሉ። እንደዚያም አይደለም። እኛ ነን እንዲህ ያደረግነው። ከ10ኛ ክፍል ጎበዙን «ናቹራል ግባ»፣ የደከመውን «አንተ ሶሻል ይሻልሃል» እያልን አበጥረን ላክን። ከዚያ ውጤቱ ሲመጣ «አያችሁ፣ ሶሻል የሰነፍ ነው» አልን። የሆምሩም መምህሯ «አትባክን» ያሉትም ከዚሁ ልማድ ነው። ክፉ አስበው አይመስለኝም። መንግሥት አንድ ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ቅበላውን 70 በመቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለሶሻል ብሎ መድቦት ነበር። ያኔ ወላጅ ናቹራል ናቹራል ቢል እውነት ነበረው፤ ወንበሩ እዚያ ነበራ። በ2014 ግን ከላይ እንዳዩት ለፈተና የተቀመጠው አብዛኛው ተማሪ ሶሻል ነበር። አባወራው የሚያወሩት የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት ስለነበረው ነገር ነው።

ደግሞ ሌላ የተቀየረ ነገር አለ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ጀምሮ ቀርቷል። ድሮ ያ ፈተና ክፉም ደግም ቢሆን አንድ መስታወት ነበር። አሁን ያለዎት የትምህርት ቤት ካርድ ብቻ ነው። ካርድ ደግሞ መምህሩን ይመስላል። አንዱ ጋ 91 የሆነ ልጅ ሌላው ጋ 74 ነው። እኔ ራሴ እጄ የማይፈታ ነኝ ይባላል። ስለዚህ ካርዱን ብቻ አይቶ መወሰን አይበቃም። ፊዚክስ 58 ለምን ሆነ? ከሁሉም በፊት ይህን ይጠይቁልኝ። ሁሉም ምዕራፍ ላይ እኩል ደክማለች ወይስ አንድ ቦታ ላይ ነው የወደቀችው? የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ሴሚስተር ለየብቻ ይዩት።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ለእሷ ነው። «ናቹራል ወይስ ሶሻል» ብለው አይጠይቋት፤ መልስ አይኖራትም። «ማንም ሳያዝሽ የምትሠሪው ምንድነው?» ብለው ይጠይቋት። መልሱን እዚህ ይጻፉልኝ።

ከአሌክሳንድሪያ

ከመስመር ልወጣ ነው፣ ይቅርታ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ቅናትም ያዘኝ። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። እዚህ ሁለት ሳጥን ብሎ ነገር የለም። ልጁ እያንዳንዱን ትምህርት ለየብቻ ነው የሚመርጠው። ለመጪው ዓመት የሚመርጡት ደግሞ ገና ብርዱ ሳይወጣ፣ ጥርና የካቲት አካባቢ ነው። መደበኛው አለ፣ ከበድ ያለው ኦነርስ የሚሉት አለ፣ የኮሌጅ ደረጃ የሆነው ኤፒ የሚሉት አለ። ኤፒ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ከ5 የሚታረም ፈተና አለው፤ ጥሩ ካመጡ ብዙ ኮሌጅ እንደተማሩት ይቆጥርላቸዋል።

የእኔ ልጅ ጂኦግራፊውን በኤፒ፣ ፊዚክሱን በመደበኛ ወሰደች። የዚያኑ ዓመት ሥዕልም ወሰደች። እኔ የፈረምኩትን ወረቀት ሳልረዳው ነው የፈረምኩት። ካውንስለሯን ለማናገር ቀጠሮ ስይዝ ባለቤቴ «ምን አጠፋች?» ብሎ ደነገጠ።

ግን እውነቱን ልናገር፣ ምርጫ ሲበዛም ጭንቀት ነው። የሐበሻ እናቶች ስንገናኝ ወሬያችን «የአንቺ ልጅ ስንት ኤፒ ወሰደች?» ሆኗል። ናቹራል ወይ ሶሻል ብሎ አንዴ ተጨቃጭቆ መገላገልም ጥሩ ነበር።

የ17ቱ ተፈታኝ

እኔ የ2017 ተፈታኝ ነኝ። ናቹራል። ከእናንተ ይልቅ ትኩስ ወሬ ያለው እኔ ጋ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መፈተን እንደሚወራው አያስፈራም፤ ዶርሙ ውስጥ እንቅልፍ የለም እንጂ። ናቹራልና ሶሻል የሚገቡት በተለያየ ጊዜ ነው። የተወሰንነው በኮምፒዩተር ነው የተፈተንነው። እንደ ሀገር 8.4 በመቶ ነው ያለፈው፤ ከበፊቶቹ ይሻላል። እኔ አልፌያለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያልተነሳ ነገር ላንሳ፤ መጽሐፍ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ ለሁላችንም አልደረሰም። እኛ በቴሌግራም ፒዲኤፍ ነው የተማርነው። ሦስት ልጅ በአንድ ስልክ። ናቹራል ሲሆን ደግሞ ላብራቶሪ የሚባል ነገር ስሙን እንጂ መልኩን አናውቅም ነበር። ቲትሬሽን በዩቲዩብ ነው ያየሁት። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን እዩት። ናቹራል ብሎ ማስገባት ቀላል ነው፤ የፊዚክስ መምህር አለ ወይ? ግብርናና አይሲቲ የሚያስተምር አለ ወይ? አይሲቲ ክፍል ኮምፒዩተሩ ይነሳል ወይ? የሶሻሎቹ ችግር ሌላ ነው። ክፍላቸው ይታጨቃል። ከእኛ ጎን በነበረው የሶሻል ሴክሽን ከኋላ ወንበር ያጡ ልጆች መስኮት ላይ ይቀመጡ ነበር።

ለልጅቷ፦ የትም ግቢ፣ አፕቲቲዩድ ከአሁኑ ጀምሪ። ማንም አያስተምርሽም፤ ብቻሽን ነው የምትሠሪው።

የሐዋሳዋ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። እሷም ከኋላዬ ሆና አንብባለች። ቢኒ የተባልከው፣ «ሲተርቱ» ያልከውን ስታነብ ስቃለች።

መምህር፣ እንዳሉኝ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ ክፍሏ ይዛኝ ገባች። ግድግዳው ላይ ያለውን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ግን ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። የሰፈራችንን ካርታ ሠርታለች። ከአቶቴ እስከ ሐይቁ ድረስ። መንገዱ አለ፣ ቱቦው አለ፣ ታቦር ተራራ በተጠማዘዘ መስመር ተሠርቷል፤ ኮንቱር ነው፣ ከፍታ የሚያሳይ መስመር፣ አለችኝ። ከሥር ስኬል አለው። የእኔም ሱቅ አለበት፣ የጎረቤቴ ግን የለም፤ ለምን ስላት «ያኔ አልተከፈተም ነበር» አለች። እርምጃዋን እየቆጠረች ነው የለካችው። በስልኳ ደግሞ ከሳተላይት የተነሳውን እያመሳከረች ታርማለች። ሳይታዘዙ የሚሠሩት ሲሉኝ እንግዲህ ይሄው ነው።

ስለ ፊዚክሱም ጠየቅኩ። የመጀመሪያ ሴሚስተር 73 ነበራት። ሁለተኛው 43። መምህሩ ተዛውረው ሄዱ፣ ለረጅም ጊዜ የሚተካ ሰው አልመጣም። ደብተሯን አሳየችኝ፤ የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ ርዕሱ ተጽፎ ከዚያ ባዶ ነው። ማንም ያልነገረኝ ነገር ነው። ካርዱ ላይ «58» ይላል እንጂ «መምህር አልነበረም» አይልም።

እና አሁን ጭራሽ ግራ ገባኝ። ካርታ ጂኦግራፊ ነው፣ ጂኦግራፊ ሶሻል ነው። ታዲያ ሶሻል መሆኑ ነው አይደል?

ቢኒ ሲቪል

ማዘር፣ ቆይ ቆይ! ካርታ እኮ እኛ ጋም አለ። እንዲያውም የእኛ ሥራ የሚጀምረው ከካርታ ነው። ሰርቬየር፣ ማለትም መሬት ለኪው፣ ሳይሄድ ሳይት አይከፈትም። መለኪያቸው ቶታል ስቴሽን፣ ጂፒኤስ፣ አሁን አሁን ድሮን ነው። ልጅቷ በእርምጃ የለካችውን እነሱ በሚሊ ሜትር ነው የሚለኩት። ሰርቬዪንግ፣ ጂኦማቲክስ የሚባሉት ትምህርቶች የምህንድስና ወገን ናቸው። በናቹራል ነው የሚገባው።

ግን ጥሩ ጥሩውን ብቻ አልነግርዎትም። ፀሐይ ነው። ገደል ነው። ሴት ሰርቬየር አብራኝ ሠርታለች፤ ጎበዝ ናት፤ ሠራተኛው መጀመሪያ ላይ ሊያዛት ሲሞክር አፉን አስያዘችው። ቬክተርና ትሪጎኖሜትሪ ደግሞ የዕለት እንጀራችን ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር 73 ቬክተር ያለበት ከሆነ እኔ አልሰጋም።

ከአርባ ምንጭ፣ የጂኦግራፊ መምህር

የገበያ ቀን ስለሆነ ዛሬ ተማሪ የለም፤ ተረጋግቼ ልጻፍ።

ቢኒ ትክክል ነው። እኔም ልጨምርበት። ካርታ የሚወድ ልጅ የሚሄድበት መንገድ ሁለት ነው። በሶሻል በኩል ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት አለ። እዚያ ጂአይኤስ (በኮምፒዩተር ካርታ መሥራት) ይማራሉ፣ ሪሞት ሴንሲንግ (መሬትን ከሳተላይት ምስል ማጥናት) ይማራሉ። ግን አብዛኛው ትኩረት ሰውና መሬት ላይ ነው፤ ሕዝብ የት ሰፈረ፣ ለምን ተፈናቀለ፣ ከተማው ወዴት ሰፋ፣ አፈሩ ለምን ታጠበ። በናቹራል በኩል ደግሞ ሰርቬዪንግ አለ፣ ጂኦሎጂም አለ፤ መለካት፣ ማስላት፣ ድንጋዩን መመርመር። የስምጥ ሸለቆ ልጅ ናት፤ ጂኦሎጂ ቢስባት አይገርመኝም። ሐዋሳ ራሷ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ላይ ነው፤ የገዛ ሰፈሯን ስትለካ የድሮ እሳተ ገሞራ ነው የለካችው።

ታዲያ ለእሷ የሚሆን ጥያቄ ይህ ነው። ያን ካርታ ስትሠራ የሚያስደስታት ምኑ ነው? መስመሩ ልክ መምጣቱ ነው? ወይስ የጎረቤት ሱቅ መቼ እንደተከፈተ፣ ቱቦው ለምን በዚያ እንጂ በዚህ እንደማያልፍ ማወቁ? የመጀመሪያው ከሆነ ናቹራል። ሁለተኛው ከሆነ እኔ ጋ ትምጣ። ሁለቱም ነው ካለች ደግሞ ናቹራል ትግባ እላለሁ፤ የሶሻል መምህር ሆኜ ይህን ማለቴ ባልደረቦቼ ካዩት ሻይ መጋበዜ አይቀርም። ምክንያቴ ቀላል ነው። ፊዚክስና ሒሳብ ብቻዋን ከቤት አትማረውም። የጂኦግራፊ መጽሐፍ ግን በራሷ ታነባለች፣ አሁንም እያነበበች ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ደግሞ ፍሬሽማን ላይ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ የሚባል ኮርስ ናቹራሉም ሶሻሉም ይወስደዋል።

ስለ መቀየር ጠይቀው ነበር። በእኛ ትምህርት ቤት መስከረምና ጥቅምት ላይ ወላጅ መጥቶ ካመለከተና ቦታ ካለ ይቀየራል። ከናቹራል ወደ ሶሻል መዞር ብዙ አያስቸግርም። በተቃራኒው ግን ያለፈው ምዕራፍ ቁልል ሆኖ ይጠብቃታል። 12ኛ ክፍል ላይ የፈተና ምዝገባ ሲሞላ ስትሪሙም (ናቹራል ወይም ሶሻል መሆኗ) አብሮ ስለሚገባ ከዚያ ወዲያ ወሬው አልቋል። የእርስዎ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚሠራ ሬጅስትራሩን ቀድመው ይጠይቁ። ከዚያው ሳይወጡ ለ11ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህር ተመድቧል ወይ ብለውም ይጠይቁ። አልተመደበም ካሉዎት ምርጫው ሌላ ነገር ይሆናል፤ ትምህርት ቤት መቀየር ውስጥ ይገባሉ።

ለክረምቱ፦ የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ምዕራፍ 4 እና 5ን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩንና ማግኔቲዝሙን፣ ከአንድ ጎበዝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ትሥራው። ክረምት ላይ ለእረፍት የመጡ ልጆች ሰፈሩን ሞልተውታል። ኦም ሎው የሚባለው የኤሌክትሪክ ሕግ ከገባት ሌላው ይከተላል።

ኦዲተሯ

መምህር ተማሪ አሳልፈው ሰጡ! ሕግ እንድትማር ተስፋ አድርጌ ነበር።

እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ። ናቹራል ከሆነ አባቷ «አልኩሽ አይደል» ይላል። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ዶክተሬ» እያለ ነው የሚጠራት። ከአሁኑ ንገሪው። እኔ ሶሻል ስገባ ጭቅጭቁ አንዴ ነበር፤ ናቹራል ገብታ ሜዲስን ያልመረጠችው የአጎቴ ልጅ ግን እስከ ዛሬ በየበዓሉ ትጠየቃለች።

የሐዋሳዋ እናት

ትናንት ሬጅስትራር ሄድኩ። እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ይቀየራል አሉኝ። የፊዚክስ መምህር «ይመጣል ተብሏል» ነው መልሳቸው። ማን እንዳላቸው ስጠይቅ ወደ ርዕሰ መምህሩ መሩኝ፤ ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሰኞ እመለሳለሁ። ሱቁን ዘግቼም ቢሆን እጠብቃቸዋለሁ።

መምህር፣ የሰጡኝን ጥያቄ ጠይቄያታለሁ። «መስመሩ ነው» አለች ወዲያው። ትንሽ ቆይታ «ግን ቱቦውም ነው» አለች። ናቹራል ላይ ምልክት አድርጋለች፣ በእርሳስ። ፊርማዬን ገና አላኖርኩም፤ የሰኞውን መልስ እሰማለሁ።

አባቷ ሞጆ ሲደርስ ደወለ። ናቹራል ስለው ደስታውን አልቻለውም። ስልኩን ለእሷ ሰጠኋት። «አባዬ፣ ዶክተር አይደለም። ሰርቬየር ነው የምሆነው ወይ ደግሞ ጂኦሎጂስት» አለችው። ዝም አለ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎን ነበር። ከዚያ «እነዚያ መንገድ ላይ በሦስት እግር ላይ መነጽር አቁመው የሚያዩት ናቸው?» አለ። አዎ አለችው። «አዋሽ ላይ ሁልጊዜ አያቸዋለሁ፤ ደመወዛቸው ስንት ነው?» አለ።

ቢኒ፣ ይህን እንግዲህ አንተ መልስለት።

ቢኒ ሲቪል

ማዘር፣ እንደ ኮንትራክተሩ ነው። ፕሮጀክት ሲኖር አበል አለ፣ ሳይኖር ቤት መቀመጥ አለ። የመንግሥት መሬት ቢሮዎችም ይቀጥራሉ፤ እዚያ ደመወዙ ያንሳል፣ ግን አይቋረጥም። ለፋዘር እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ። ደግሞ አዋሽ ላይ ሲያያቸው ቆም ብሎ እነሱኑ ይጠይቃቸው፤ ውኃ ከሰጣቸው እውነቱን ይነግሩታል።

የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ፒዲኤፉን በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ። ትልቅ ፋይል ነው፣ በዋይፋይ ያውርዱት።